የዘር ሐረግንና የስደት ታሪክን ስለ መመርመር፤ ከመዝገብና ከአረጋውያን ትዝታ የምናገኘው ትምህርት



በዚህ እትም ለጥናት የምናቀርብላችሁ ርእስ ከወትሮው ጥቂት የተለየ ሊመስል ይችላል። የምንነጋገረው ስለ ቤተሰብ ታሪክ ነው፤ ይልቁንም በጦርነት፣ በረሃብ፣ በሰፈራና በእንጀራ ፍለጋ ምክንያት ከትውልድ ቀዬው ተነቅሎ በሌላ ምድር ስለ ተተከለ ቤተሰብ ታሪክ። የአያቱን ስም እንጂ ከዚያ በላይ ያለውን መጥራት የማይችል፣ ቅድመ አያቱ የት እንደ ተቀበሩ የማያውቅ ወጣት በየቁምስናው አለ። ከባሕር ማዶም ሆነው የጥምቀት ምስክር ወረቀት የሚጠይቁ ልጆቻችን ጥቂቶች አይደሉም። የሚያውቁት አረጋውያን ግን በየዓመቱ ከመካከላችን እየተለዩ ነው። አንድ አረጋዊ ሳይጠየቁ ሲያርፉ አብሯቸው የሚቀበረው ስም ብዙ ነው።

ጉዳዩ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። ጋብቻ የሚሹ ሁለት ወጣቶች ዝምድና እንዳላቸውና እንደሌላቸው ማወቅ ይኖርባቸዋል። በስደት የተለያዩ ወንድምና እኅት ይፈላለጋሉ። ወላጆቹን በሕፃንነቱ ያጣ ሰው «የማን ልጅ ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም ይህን ጥያቄ በሥርዓት እንዴት እንደምንመልሰው ከዚህ በታች በየአንቀጹ እንመለከታለን።

፩. ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ዘር ቆጠራ ምን ያስተምራሉ?

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 26 እስራኤላዊው የእርሻውን በኵራት ይዞ ወደ መሠዊያው ሲቀርብ የሚናገረው ቃል ታዝዞለታል። የሚጀምረውም አባቱ ተንከራታች እንደ ነበረ፣ ወደ ግብፅም ወርዶ በእንግድነት እንደ ተቀመጠ በመመስከር ነው። የስደትን ታሪክ መናገር የምስጋናው ጸሎት መግቢያ ሆነ ማለት ነው። በመጽሐፈ ጦቢትም ሽማግሌው ጦቢት ልጁን ሩቅ መንገድ ከማያውቀው ሰው ጋር ከመላኩ በፊት ነገዱንና የአባቱን ስም ጠየቀ። አገራችን ውስጥ እንግዳን «የማን ልጅ ነህ? አገርህስ ወዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ይህን ምንባብ ሲሰማ የራሱን ቤት ያስታውሳል።

መዝገብ መጥፋቱ የሚያስከትለውን ጉዳት ደግሞ መጽሐፈ ዕዝራ በምዕራፍ 2 ያሳየናል። ከባቢሎን ምርኮ ከተመለሱት መካከል አንዳንድ የካህናት ወገኖች በትውልድ መዝገብ ስማቸውን ፈልገው አላገኙትም፤ በዚህም ምክንያት ከክህነት አገልግሎት ተከለከሉ። ሰዎቹ ውሸታሞች ነበሩ አይልም፤ ማስረጃቸው በስደት ጠፋ እንጂ።

የቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲቆጥር ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት ይጠራል። ሩት ሞዓባዊት፣ ከአገርዋ የወጣች መጻተኛ ነበረች። ወንጌላዊው አሳፋሪ የሚመስለውን አልሸሸገም፤ ባዕድ የተባለውንም አልፋቀም። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 1 መጨረሻ በሌለው የትውልድ ታሪክ እንዳንጠመድ ያስጠነቅቃል። እንግዲህ ልኩ ይህ ነው፤ ዘርን የምንቆጥረው ወገናችንን ለማወቅና ለማመስገን ነው፤ በሌላው ላይ ለመኵራራት አይደለም።

፪. ሁለቱ ምስክሮች፤ ቃልና ጽሑፍ

የቤተሰብን ታሪክ የሚመረምር ሰው ሁለት ምስክሮች አሉት። አንደኛው ከአፍ የሚሰማ ትዝታ ነው፤ ሁለተኛው የተጻፈ መዝገብ ነው። ሁለቱም ይጎድላሉ፤ ሲደጋገፉ ግን ብዙ ይገልጣሉ። ይህን በሁለት እውነተኛ ታሪኮች እናስረዳ።

ቅድስት ዮሴፊና ባኪታ በሱዳን በዳርፉር አገር እ.ኤ.አ. በ1869 ገደማ ተወለደች። ገና ልጅ ሳለች በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀች፤ ከድንጋጤ ብዛትም ወላጆችዋ ያወጡላትን ስም ረሳች። «ባኪታ»፣ ማለትም «ዕድለኛይቱ»፣ የሚለውን ስም ያወጡላት የነጠቋት ሰዎች ናቸው። በኋላ ወደ ጣልያን አገር ተወስዳ በቬኒስ ከተማ በካኖሳ ደናግል ቤት ሳለች፣ እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1889 ፍርድ ቤት ነጻ ሴት መሆንዋን አረጋገጠላት፤ እ.ኤ.አ. ጥር 9 ቀን 1890 ደግሞ ተጠመቀች። እነሆ፣ ትዝታዋ የመጀመሪያ ስምዋን ሊመልስላት አልቻለም፤ ነጻነትዋና ጥምቀትዋ ግን በቀንና በዓመተ ምሕረት ተጽፈው ቀሩ። በሌላ በኩል ስለ ልጅነት ቤትዋ፣ ስለ ተነጠቀችበት ቀንና ስለ ደረሰባት መከራ የምናውቀው በምንኵስና ከምትኖርበት ቤት የጠየቋት ሰዎች ከአፍዋ ሰምተው ስለ ጻፉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ዐረፈች፤ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2000 ቅድስት ተብላ ታወጀች።

ሁለተኛው ታሪክ ከአገራችን የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1888 «ኦስፕሬይ» የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ባሪያ የጫኑ ጀልባዎችን ይዛ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ነጻ አወጣች። አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ከእነርሱ አንዳንዶቹን በኤደን አጠገብ በሼኽ ዖትማን የነበሩ የስኮትላንድ ሚስዮናውያን ተቀበሏቸው፤ ቦታው በወባ ምክንያት ስላልተስማማቸው 64ቱ እ.ኤ.አ. በ1890 በደቡብ አፍሪቃ ወደሚገኘው ወደ ላቭዴል ትምህርት ቤት ተወሰዱ። 42ቱ ወንዶች፣ 22ቱ ሴቶች ነበሩ። ሚስዮናውያኑ እያንዳንዱን ልጅ አስቀምጠው ስሙን፣ የወላጆቹን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ እንዴት እንደ ተያዘና በየት በኩል እንደ ተጓዘ እየጠየቁ ጻፉ። ከመቶ ዓመት በኋላ ተመራማሪዋ ሳንድራ ሮዎልት ሼል እነዚህን ጽሑፎች አንድ በአንድ መርምራ እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ አወጣቻቸው።

ከእነዚያ ልጆች አንዲቱ ቢሾ ጃርሳ ትባል ነበር። በደቡብ አፍሪቃ አግብታ ወለደች። የልጅዋ ልጅ ኔቪል አሌክሳንደር በክራዶክ ከተማ የዶሚኒካን ደናግል በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ተምሮ ታላቅ ምሁር ሆነ፤ የዘር መድልዎን ሥርዓት በመቃወሙም በሮቤን ደሴት ዐሥር ዓመት ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ2012 እስኪያርፍ ድረስ የቋንቋዎች እኩልነት ጠበቃ ነበር። አያቱ በልጅነትዋ የሰጠችው ቃል ባይጻፍ ኖሮ፣ ይህ ቤተሰብ «ከኢትዮጵያ የመጣን ነን» ከማለት በቀር ዝርዝሩን ሊያውቅ ባልቻለ ነበር። አንድ ጸሐፊ ጥቂት ሰዓት ወስዶ ከልጅ አፍ የጻፈው ለሦስተኛ ትውልድ ርስት ሆነ።

፫. የቁምስና መዝገብ

የትሬንቶ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 ቆሞሳት የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙና የክርስትና አባትና እናት ስምም እንዲጻፍ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1614 የታተመው የሮም መጽሐፈ ሥርዓት የጥምቀት፣ የሜሮን፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ፣ በተጨማሪም በየቤቱ ያሉትን ነፍሳት የሚቈጥር መጽሐፍ እንዲኖር ደነገገ። ዛሬም ይህ ግዴታ ጸንቷል። በላቲን ሥርዓት ለሚመሩት ሐዋርያዊ ቪካሪያቶች እ.ኤ.አ. የ1983 ሕገ ቀኖና በቁጥር 535፣ በግዕዝ ሥርዓት ለሚመሩት አህጉረ ስብከት እ.ኤ.አ. የ1990 የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 296 ተመሳሳይ ትእዛዝ ይሰጣሉ። አሮጌ መዛግብትም በጥንቃቄ እንዲጠበቁ ያዛሉ።

በአገራችን ይህ መዝገብ ልዩ ክብደት አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ድንጋጌው ለብዙ ዘመን በሥራ ላይ አልዋለም። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ለተወለዱ ለብዙዎቹ ካቶሊካውያን የልደታቸው ጥንታዊ የጽሑፍ ማስረጃ የጥምቀት መዝገብ ነው።

በጥምቀት መዝገብ አንድ መሥመር ውስጥ ምን ይገኛል? የተጠማቂው ስም፣ የልደትና የጥምቀት ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ የወላጆች ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት ስም፣ ያጠመቀው ካህን ስም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የገጹ ኅዳግ ነው። ሰውየው ሜሮን ሲቀበል፣ ሲያገባ፣ ክህነት ሲቀበል ወይም የምንኵስና መሐላ ሲፈጽም ይህ ሁሉ በጥምቀቱ መሥመር አጠገብ ሊጻፍ ይገባል። ጋብቻው ሩቅ አገር ተፈጽሞ ከሆነ የዚያ ቁምስና ቆሞስ ለጥምቀቱ ቁምስና ያስታውቃል። በዚህ ምክንያት አንድ አጭር የኅዳግ ማስታወሻ፣ ከአካባቢው የጠፋ ሰው በየትኛው ከተማ እንዳገባ ሊነግረን ይችላል። የክርስትና አባትና እናትን ስም መናቅም አይገባም። ብዙውን ጊዜ ዘመድ ወይም ከአንድ ቀዬ አብሮ የተሰደደ ጎረቤት ስለሚሆኑ ወደ ጠፋው ቤተሰብ ያደርሱናል።

የቆዩ መዛግብት እንደ ሚስዮናውያኑ አገር በላቲን፣ በፈረንሳይኛ ወይም በጣልያንኛ ተጽፈው ይገኛሉ። ጥቂት የላቲን ቃላትን ማወቅ በር ይከፍታል። «ናቱስ» ተወለደ፣ «ፊሊያ» ሴት ልጅ፣ «ፓትሪኑስ» የክርስትና አባት፣ «ኡክሶር» ሚስት፣ «ቪዱዋ» ባልዋ የሞተባት፣ «ኦቢይት» ዐረፈ ማለት ነው። «ኢግኖቱስ» የሚል ከተገኘ «ያልታወቀ» ማለት ነው፤ ይህ ቃል በአባት ስም ቦታ ሲገኝ እንዴት መያዝ እንዳለበት ኋላ እንነጋገራለን።

አንድ ሰው ስለ ራሱ ሁኔታ የተጻፈውን በግሉ ወይም በወኪሉ የተረጋገጠ ግልባጭ የማግኘት መብት አለው። የሌላውን ሰው ግን እንደ ፈለገ ሊገልጥ አይፈቀድለትም። ጠያቂው ስሙን ከነአያቱ፣ የእናቱን ስም፣ በግምት የተጠመቀበትን ዓመትና ቁምስናውን ጽፎ ቢያቀርብ የቁምስናው ጸሐፊ ድካም ይቀላል። መዝገቡን የሚገልጥ ሰው እጁ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፤ ጣቱን በምራቅ አያርጥብ፤ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ ይገልብጥ፤ የተቀደደ ገጽ ሲያይም በፕላስተር አይለጥፍ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ወረቀቱን ይበላዋልና።

፬. የአረጋውያንን ትዝታ መሰብሰብ

ከመዝገብ በፊት ወደ ሽማግሌዎች እንሂድ፤ መዝገቡ ይቆያል፤ እነርሱ ግን አይቆዩም። አረጋውያንን መጠየቅ ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ደፍሮ «መቼ ተወለዱ?» ማለት ብዙ ጊዜ «እኔ ምን ዐውቃለሁ ልጄ» የሚል መልስ ያመጣል። በጨዋታ መጀመር ይሻላል። «እማማ፣ በልጅነትዎ ከማን ጋር ያድሩ ነበር?» «ውኃ የሚቀዱት ከየትኛው ወንዝ ነበር?» «ክርስትና ያነሣዎት ማን ነው?» «አገር ለቅቃችሁ ስትወጡ ማን ቀረ?» «በመንገድ የት የት አደራችሁ?» የወንዝ፣ የገበያና የታቦት ስም ከተገኘ መንደሩ ይገኛል። ገበያው የሚውልበት ቀን እንኳ ቦታን ይለያል።

የሴቶቹን ወገን መጠየቅ አይረሳ። የእኛ አጠራር ከአባት ወደ አባት ስለሚሄድ የእናት፣ የእናት እናት፣ የአባት እናት ስም ከሁሉ በፊት ይጠፋል። ሆኖም ልደትን፣ ሞትንና ጋብቻን ይበልጥ የሚያስታውሱት ብዙውን ጊዜ እናቶች ናቸው፤ ምጡንም ለቅሶውንም የታደሙ እነርሱ ናቸውና።

የሰማነውን ቃል እንደ ተነገረ እንጻፍ፤ አናስውበው፤ አናርመውም። የተናጋሪውን ስም፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ነገሩን ራሳቸው አይተው ወይስ ከማን ሰምተው እንደ ተናገሩ ለይተን እናስፍር። ዛሬ በእጅ ስልክ ድምፅ መቅዳት ቀላል ሆኗል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅ፤ የተቀዳውም ወደ ወረቀት ይገልበጥ፤ ስልክ ይጠፋልና። ሁለት ሽማግሌዎች የተለያየ ነገር ቢናገሩ አንዱን መርጠን ሌላውን አንጣል፤ ሁለቱንም ጽፈን ማስረጃ እስኪገኝ እንጠብቅ።

በየቤቱም የተሸሸጉ ጽሑፎች አሉ። አባቶቻችን በዳዊትና በጸሎት መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ የልጆችን ልደትና የሙታንን ዕረፍት ይጽፉ ነበር። የተዝካር ስም ዝርዝር፣ የዕድር መዝገብ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ ከጀርባው የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ አሮጌ ደብዳቤ ከነፖስታው፤ እነዚህ ሁሉ ምስክሮች ናቸው። ፖስታው ላይ ያለው ማኅተም ቀንና ከተማ ይነግረናልና አይጣል።

፭. ዘመንን ስለ ማስማማት

ትዝታ ዘመንን በቁጥር አይይዝም፤ በታላላቅ ነገሮች ይይዛል። ስለዚህ መርማሪው የሚከተሉትን ምልክቶች በቃሉ ቢይዝ ይጠቅመዋል። ክፉ ቀን የሚባለው ታላቁ ረሃብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ነበረ። የአድዋ ድል በ1888፣ የሰገሌ ጦርነት በ1909፣ የኅዳር በሽታ በ1911፣ የማይጨው ጦርነት በ1928፣ የየካቲት 12 ግፍ በ1929፣ የነጻነት መመለስ በ1933 ዓ.ም. ሆነ። የወሎና የትግራይ ድርቅና አብዮቱ በ1966፣ ታላቁ ረሃብና ሰፈራው በ1977 ዓ.ም. ነው።

የሚስዮናውያን መዝገብ በአብዛኛው በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፏል። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ ድረስ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ዓመት መሆኑ የታወቀ ነው። የማይታወቀው ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1900 በፊት የቀኑ ልዩነት ከዛሬው በአንድ ያንሳል። የአድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን ሲሆን፣ በአውሮፓውያን ዘንድ መጋቢት 1 ቀን 1896 ተብሎ ተጽፏል፤ ዛሬ ግን የካቲት 23 በእነርሱ መጋቢት 2 ላይ ይውላል። በአሮጌ መዝገብ የአንድ ቀን ልዩነት ያገኘ ሰው «ስሕተት ነው» ብሎ ከመፍረዱ በፊት ይህን ያስታውስ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። አንዲት አያት «እናቴ ክርስትና የተነሣችው የኅዳር በሽታ ባለፈ ጊዜ፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው ትለኝ ነበር» ይላሉ እንበል። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ስለሆነ ተከታዩ ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። በመዝገቡ ስሟን ስንፈልግ የምናገኘው ግን እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 1919 የሚል ይሆናል። ሁለቱ ሲሰሉ አንድ ቀን ናቸው። ቃሉም መዝገቡም እውነት መሆናቸው በዚህ ይረጋገጣል።

፮. ስሞች ስለሚያስቸግሩበት

የአንድ ሰው ስም በየመዝገቡ ይለዋወጣል። በቤት «ማሞ»፣ በትምህርት ቤት «ወልዴ»፣ በጥምቀት መዝገብ «ዮሴፍ» የተባለው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። የውጭ ጸሐፊ በላቲን ፊደል ሲጽፍ ደግሞ ድምፃችንን እንደ ጆሮው ይለውጣል። ጣልያናዊው «ወ»ን በ«ኡ» ይጽፋል፤ ስለዚህ «ወልዴ» የሚፈለገው በ«ኡ» ሥር ነው። «ሀ»ን ብዙ ጊዜ ይጥላል፤ «ኃይሌ» «አይሌ» ሆኖ ይገኛል። «ቀ»ንና «ከ»ን፣ «ጠ»ንና «ተ»ን አይለይም። ስለዚህ ስሙን በዓይን ብቻ አንፈልግ፤ ጮክ ብለን እያነበብን በጆሮ እንፈልገው።

በውጭ አገርም ሌላ ችግር ይመጣል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። በዚያ ግን የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ይመዘገባል። የአንድ እናትና አባት ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ በአባቱ አንዱ በአያቱ ስም ስለ ተመዘገቡ በወረቀት ላይ ባዕዳን ይመስላሉ። ከስደት የሚጽፉ ልጆቻችን የራሳቸውን ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የእናታቸውንም ስም ከነአባትዋ እንዲጽፉ እንመክራለን።

፯. የተሰደዱትን ስለ መፈለግ

ስደት ሲባል የባሕር ማዶው ብቻ አይደለም። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋ፣ በጋምቤላና በመተከል እንዲሰፍር ተደረገ። ቤተሰብ ተቈራረጠ፤ ልጅ በአንዱ ጣቢያ፣ አባት በሌላው ቀረ። ከእነዚያ ሰፋሪዎች የተወለዱት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ብዙዎቹ የአያቶቻቸውን አገር በስም ብቻ ያውቁታል።

እንዲህ ላለው ፍለጋ ከቁምስና ውጭ ያሉ ስፍራዎችም አሉ። በአዲስ አበባ «ወመዘክር» በመባል የሚታወቀው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የቆዩ ሰነዶችን ይጠብቃሉ። ሚስዮናውያን ወደ አለቆቻቸው የላኳቸው ደብዳቤዎችና ዘገባዎች ከአገራችን ውጭ በየማኅበራቱ ቤተ መዛግብት ይገኛሉ። በጦርነትና በስደት የተጠፋፉትን ለማገናኘት ደግሞ የቀይ መስቀል ማኅበር የቤተሰብ ፍለጋ አገልግሎት አለው። ወደዚህ ሁሉ ከመሄድ በፊት ግን ያለንን በአንድ ወረቀት እናሰናዳ፤ ማንን እንደምንፈልግ፣ መጨረሻ የት እንደ ታየ፣ ከማን ጋር እንደ ነበረ። ምንም ሳይያዝ የተጠየቀ ቤተ መዛግብት ምንም አይመልስም።

፰. የተገኘው እውነት ሲከብድ

የቤተሰብን ታሪክ የመረመረ ሁሉ የሚያስደስተውን ብቻ አያገኝም። የአባት ስም ባዶ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። «አክስት» ትባል የነበረችው እናት ሆና ልትገኝ ትችላለች። በወረራው ዘመን ከባዕድ ወታደር የተወለደ፣ ወይም በባርነት ተሸጦ የመጣ አያት ይገኝ ይሆናል። በአገራችን ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ነገር ግን በጋብቻ ጊዜ «አጥንቱ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ በሹክሹክታ እስከ ዛሬ ሰውን ያቆስላል። በዚህ ላይ አቋማችን ግልጽ ሊሆን ይገባል። ኀፍረቱ የሸጠው ነው፤ የተሸጠው አይደለም። ቅድስት ባኪታ በመንበረ ታቦት ፊት ትከበራለች፤ የሸጧትን ግን ስማቸውን የሚጠራ የለም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንጠብቅ። በመጀመሪያ፣ በሕይወት ያለን ሰው የሚጎዳ ምስጢር ለአደባባይ አይወጣም፤ ለሚመለከተው ሰው ብቻ፣ በጊዜውና በርኅራኄ ይነገራል። ሁለተኛ፣ መዝገብ አይፋቅም፤ አይቀደድምም፤ ያሳፈረን ነገር ለልጅ ልጆቻችን መፈወሻ ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛ፣ ያገኘነውን ለስድብና ለክስ አንጠቀምበት።

ስለ ጋብቻም አንድ ቃል እንጨምር። ሕገ ቀኖና በጎን ዝምድና እስከ አራተኛ ደረጃ ያለውን፣ ማለት የወንድማማቾችና የእኅትማማቾች ልጆች እርስ በርስ የሚያደርጉትን ጋብቻ ይከለክላል። የአባቶቻችን ልማድ ከዚህ አልፎ እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል። አሁን በሒሳብ እንመልከተው። እያንዳንዳችን ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉን፤ በሰባተኛው ቤት ብቻ 128፣ እስከዚያ ያሉት ሁሉ ሲደመሩ 254 ይሆናሉ። ከእነዚህ ውስጥ «አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት» እያልን በአባት በኩል የምንጠራቸው ሰባት ብቻ ናቸው። የቀሩት 247 ከየትኛው አገር መጡ? ምን ቋንቋ ይናገሩ ነበር? ይህን ያሰበ ሰው «ዘሬ ንጹሕ አንድ ነው» ብሎ በጎረቤቱ ላይ አይነሣም። ዘርን በሚገባ መቁጠር የዘር ትምክሕትን ያጠፋል የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

፱. በየቁምስናችን ምን እናድርግ?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለምሥጢረ ሜሮን የሚዘጋጁትን ልጆች አንድ ሥራ ቢሰጧቸው መልካም ነው፤ እያንዳንዱ ከአንድ አረጋዊ ዘመዱ ጋር ተቀምጦ የአራቱን አያቶቹን ስም፣ የትውልድ ቦታና የክርስትና ስም ጽፎ ያምጣ። ወላጅ ያጡ ልጆች እንዳያፍሩ፣ ያሳደጋቸውን ሰው ታሪክ መጻፍ እንዲችሉ አስቀድሞ ይነገራቸው። ለሙታን መታሰቢያ በሚቀደሰው ቅዳሴ እነዚያ ስሞች ቢጠሩ፣ የተረሱት በጸሎት ይታሰባሉ። የቁምስና ምክር ቤቶችም የአሮጌ መዛግብቱ ሁኔታ እንዲመረመር፣ በቆሞሱ ፈቃድና ኃላፊነት ግልባጭ ተዘጋጅቶ በሌላ ስፍራ እንዲቀመጥ ቢያደርጉ ከእሳት፣ ከምስጥና ከዝናብ ይድናሉ። የቅድስት መንበር የባህል ቅርስ ጉዳይ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1997 ባወጣው መልእክት የቤተ ክርስቲያን መዛግብት የሐዋርያዊ አገልግሎት ክፍል መሆናቸውን አስታውቋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከቤተሰባችን መካከል ከትውልድ ቀዬው ርቆ የተቀበረ ማን ነው? ስለ ጉዞው የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሕይወት አለን?

2. የእናታችንን እናት ስም ከነአባትዋና ከነክርስትና ስምዋ መጥራት እንችላለን?

3. በአካባቢያችን በዘሩ ወይም በአያቱ ዕጣ ምክንያት የሚናቅ ሰው አለን? የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ስለዚህ ምን ይለናል?

4. ከሌላ ክፍለ ሀገር ተሰድደው በቁምስናችን የሚኖሩ ቤተሰቦች ታሪካቸውን እንዲነግሩን ጠይቀን እናውቃለን?

5. እስከሚቀጥለው እትም ድረስ እያንዳንዳችን አንድ አረጋዊ ጠይቀን የሰማነውን እንጻፍ። ከማን እንጀምር?